የባጂ ጫጩት ይዛችሁ ደሴ ከመግባታችሁ በፊት

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በጫማ ካርቶን የባጂ (የትንሿ በቀቀን) ጫጩት ይዞ መጣ። ላባዋ ገና አልሞላም። «በእጅ ነው የምትበላው፣ ቶሎ ትለምደኛለች» አለኝ ደስ ብሎት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ይቺን ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ።

ስህተቱ የሚጀምረው ግዢው ላይ ነው። ራሷን ችላ መብላት ያልጀመረች ጫጩት አትግዙ! ሻጩ «አንተን እናቷ ታደርግሃለች» ይላል፤ አትስሙት። ሌላ ሰው አጉርሶ ያሳደጋት፣ ስድስት ሰባት ሳምንት የሞላት ባጂም ትለምዳችኋለች። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እህል አስደርጉላትና እዩ። በአፏ ማገላበጧ ብቻ መብላት አይደለም። ከሥሯ የተላጠ ገለባ ካለ በልታለች።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ አብሽሩ፣ ግን ቴርሞሜትር ግዙ። የምታጎርሱት ገንፎ ከ39 እስከ 41 ዲግሪ መሆን አለበት። ከቀዘቀዘ አንገቷ ሥር ያለችው የምግብ ከረጢት ውስጥ ይቆምና ይኮመጥጣል። ከ43 ካለፈ ያቃጥላታል። ይሄን ከራሴ ነው የተማርኩት። አንድ ንጋት ቸኩዬ በጣቴ ነክቼ «ልክ ነው» አልኩ። ጫጩቷ በላች፣ ተጫወተች፣ ምንም አላት አልልም ነበር። ከቀናት በኋላ ደረቷ ላይ ቅርፊት አየሁ፣ ቅርፊቱ ሲነሳ የበላችው በቀዳዳው ይፈስ ጀመር። አልተረፈችም። አሁን ጽዋውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጬ ነው የማጎርሰው፤ የደሴ ብርድ አንዴ ዞር ስትሉ ገንፎውን በረዶ ያደርገዋል። በስሪንጅ ስትሰጡም አትግፉባት፣ ሳንባዋ ይገባል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ከሰል! ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ላባ የሌላት ጫጩት ራሷን ማሞቅ አትችልም። እና ሰው ምን ያደርጋል? ምድጃ አቀጣጥሎ ካጠገቧ ያስቀምጥና በር ይዘጋል። ወፍ በመርዛማ አየር ከሰው ቀድማ ነው የምትወድቀው። እንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ የሚገቡት ለዚህ ነበር፣ እሷ ስትወድቅ እነሱ እንዲሮጡ። እኛ ደግሞ ካናሪዋን ካጠገባችን አስቀምጠን ከሰል እናነዳለን፣ ቡና እንቆላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፣ ከዚያ «ወፏ ምን ነካት» እንላለን። የማያጣብቅ መጥበሻም እሳት ላይ ሲረሳ የሚወጣው ጭስ በደቂቃዎች ይገድላታል። ወሎ ላይ ቡናና ዕጣን ተዉ የምል እብድ አይደለሁም፤ እሷን ሌላ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ።

ለሙቀቱ ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ከካርቶኑ አንድ ጥግ አድርጉ። አንዱ ጥግ ብቻ፣ ሲሞቃት እንድትሸሽ። አምፖል ከሆነ የድሮው ዓይነት ነው የሚያሞቀው፣ ቁጠባው ብርሃን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ሃይላንዱ ነው ያለው፣ ስለዚህ ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ ይደር። ኮምቦልቻ ያላችሁ ችግራችሁ ሌላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮ ሥር አውጧት።

አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው ያለበት ምግብ፦ በፍጹም። ወተትም አይሆንም፣ ወፍ ናት፣ ጥጃ አይደለችም። ዳጉሳ ግን ትወዳለች።

በየጠዋቱ ሳትበላ መዝኗት። ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች፤ ላባዋን ነፍታ ጥግ ስትቀመጥ ያያችሁ ቀን ብዙ ጊዜ መሽቷል። ያደገች ባጂ እንኳ ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ናት፣ ሁለት ሦስት ግራም ስትቀንስ የሚነግራችሁ ሚዛኑ ነው።

ጎረቤቴ ትናንት መጥቶ «አሁንስ ሁለት ልግዛ?» አለኝ። ግዛ አልኩት፣ መጀመሪያ ግን የገለባውን ፎቶ ላክልኝ።