የቆየ ቴሌቪዥን የተዛባ ቀለሙን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ለዓመታት ያገለገለ ቴሌቪዥን ቀለሙ ሲዛባ አስቀድሞ የሚያስታውቀው በሰው ፊት ላይ ነው። የዜና አንባቢዋ ፊት እንደ በርበሬ ይቀላል ወይም አረንጓዴ ይጫነዋል፤ በበዓል ዝግጅት ላይ የሚታየው ነጭ ነጠላ ደግሞ ሰማያዊ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ይህ ሲያጋጥመው ሪሞቱን አንስቶ በቀጥታ ከለር የሚለውን ቁጥር ከፍ ዝቅ ማድረግ ይጀምራል። እኔ ግን ከለርን መጨረሻ ላይ እንዲነኩት አጥብቄ እመክራለሁ። ጥቁሩና ነጩ ቦታቸውን ሳይዙ የተስተካከለ ቀለም ለአንዱ ጣቢያ ቢስማማ ለሌላው አይስማማም፤ ሰውም በየማታው ሪሞት እንደያዘ ይቀራል።

ጥፋቱ ከቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ከሚገባለት ምስል?

ቅንብሩን ከመነካካት በፊት ገመዱን ይመርምሩ። ቴሌቪዥኑ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የተገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ከሆነ ምስሉን የሚያመጣው ቢጫው ብቻ ነው፤ ሁለቱ የድምፅ ናቸው። ቢጫው ጫፍ ከላላ ወይም ከዛገ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይርገበገባል። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ቢጫውና አረንጓዴው አንድ መሰኪያ ስለሚጋሩ፣ በሪሞቱ የተመረጠው ግብዓት ኮምፖነንት (ምስሉን በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ ጫፎች ለየብቻ የሚቀበለው) ከሆነ ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ቀለም ጨርሶ የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት የቀለም ሥርዓት አለመጣጣም ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የአናሎግ ሥርዓት በ625 መስመሮች በሰከንድ 25 ሙሉ ምስሎችን የሚያሳየው ፓል ሲሆን፣ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ግን የተሠራው 525 መስመሮች ላለው ኤንቲኤስሲ ነው። ስለዚህ የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍተው የሚያወጣው ምስል ቴሌቪዥኑ ከሚቀበለው ሥርዓት ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ የፍላሽ መሰኪያ ካለው በስልክዎ ያነሱትን አንድ ጥሩ ፎቶ በፍላሽ አስገብተው ይመልከቱ። ከተቻለ ፎቶው በቀን ብርሃን የተነሳ፣ ሹሩባ የተሠራች ነጠላ የለበሰች ሴት የምትታይበት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል። ፎቶው በስልኩ ላይ እንዳለው ሆኖ ከታየ ቴሌቪዥኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከሪሲቨሩ ወይም ከገመዱ ነው ማለት ነው።

አሮጌውን ቅንብር መዝግቦ ወደ መነሻው መመለስ

አሁን የፒክቸር ሜኑውን ይክፈቱና እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ባይሳካ ወደነበረበት የሚመልስዎት እሱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ እንዲሞቅ ይተዉት፤ የክፍሉንም ብርሃን ዘወትር ማታ እንደሚያዩበት ያድርጉት። በእኩለ ቀን መጋረጃ ተከፍቶ የተስተካከለ ቴሌቪዥን ሲመሽ ዓይን ይወጋል።

ከዚህ በኋላ ፒክቸር ሪሴት የሚለውን ይምረጡ። ይህ ትእዛዝ የምስሉን ቅንብር ብቻ ፋብሪካ ወደ ሠራው ይመልሳል፤ ፋክተሪ ሪሴት የሚባለው ግን በቴሌቪዥኑ ላይ የተጫኑ ጣቢያዎችን፣ ቋንቋውንና የይለፍ ቁጥሩን ጭምር ስለሚያጠፋ ካልቸገረዎት አይንኩት። ፋክተሪ ሪሴት ካደረጉ ቴሌቪዥኑ ሲነሳ ለቤት ነው ወይስ ለሱቅ ብሎ ይጠይቃል፤ ሆም የሚለውን ይምረጡ። ስቶር ወይም ሾፕ የሚለው የሱቅ አሠራር ምስሉን ከልክ በላይ ያፈካዋል፤ በብዙ ቴሌቪዥኖችም ያስተካከሉትን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ መልሶ ያጠፋዋል። «ባስተካከልኩት ቁጥር ይመለስብኛል» የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

በፒክቸር ሞድ ውስጥ ዳይናሚክ ወይም ቪቪድ የሚሉትን ትተው ሙቪ ወይም ሲኒማ የሚለውን ይምረጡ። ፋብሪካው ለትክክለኛው ቀለም አቅርቦ የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስለሆነ ቀሪው ሥራ ይቀልልዎታል። እንደሚታየው ምስል ጥቁሩንና ነጩን ራሱ የሚለዋውጠው ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ እንዲሁም በክፍሉ ብርሃን ልክ ምስሉን የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ የኃይል ቁጠባ ካለ ያጥፉ፤ እነዚህ እየሠሩ ሳለ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም።

ጥቁርና ነጭ

ብራይትነስ የሚለው ስም ያሳስታል። የሚቆጣጠረው የምስሉን ድምቀት ሳይሆን ጥቁሩ ምን ያህል እንደሚጠቁር ነው። ፎቶው ላይ ሹሩባውን ይመልከቱ። ብራይትነስ ሲበዛ ፀጉሩ አመድማ ይሆናል፤ ሲያንስ ደግሞ የሹሩባው መስመሮች ይጠፉና ጭንቅላቱ አንድ ጥቁር እድፍ ይመስላል። ቁጥሩን ዝቅ አድርገው መስመሮቹ ከጠፉ በኋላ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ መስመሮቹ ለጥቂት መለየት የጀመሩበት ቦታ ትክክለኛው ነው።

ኮንትራስት የነጩ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ነጠላው ይፈርዳል። ቁጥሩ ከበዛ የነጠላው እጥፋቶች ጠፍተው ጨርቁ እንደ ወረቀት ዝርግ ይሆናል። እጥፋቶቹና የጨርቁ ስስነት እስኪታዩ ድረስ ይቀንሱ። ከዚህም በኋላ ምስሉ በጠቅላላው የጨለመ ከመሰለዎት የሚጨመረው ባክላይት የሚባለው፣ ከስክሪኑ ኋላ የሚያበራው መብራት ነው እንጂ ብራይትነስ አይደለም።

በኤችዲኤምአይ የተገናኘ ሪሲቨር ካለዎት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቴሌቪዥን ምስል ጥቁሩን በ16፣ ነጩን በ235 ቁጥር ሲወክል፣ የኮምፒውተር ምስል ግን ከ0 እስከ 255 ይጠቀማል። ላኪው ሪሲቨርና ተቀባዩ ቴሌቪዥን በዚህ ካልተስማሙ ጥቁሩ ወይ አመድማ ይሆናል ወይ ዝርዝሩን ይውጣል፤ ይህንንም ብራይትነስ በደንብ አያቃናውም። ብላክ ሌቭል ወይም ኤችዲኤምአይ ሬንጅ የሚለውን አማራጭ ፈልገው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያድርጓቸው።

ቀለሙን አጥፍቶ ቀለሙን ማየት

አሁን ከለርን 0 ላይ ያድርሱት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ትክክል የሆነ ቴሌቪዥን በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ንጹሕ ግራጫ ብቻ ነው። ሰማያዊ፣ ቀላ ያለ ወይም አረንጓዴ ነገር አሁንም ከታየዎት ጥፋቱ የከለር ሳይሆን የነጩ ሚዛን ነው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ሙከራ አላውቅም።

ሚዛኑን ለማቃናት መጀመሪያ ከለር ቴምፕሬቸር የሚለውን ከኩል (ወደ ሰማያዊ ካዘነበለው ነጭ) ወደ ዋርም (ሞቅ ወዳለው) ይለውጡ። ለቴሌቪዥን ምስል የተወሰነው ነጭ 6500 ኬልቪን ገደማ ያለው ሲሆን፣ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ለዚህ የሚቀርበው ዋርም ነው። ዓይን ሰማያዊ ነጭ ከለመደ ዋርም መጀመሪያ ቢጫ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ሳይነኩ ይዩት። ከዚያም የማይስማማ ከሆነ፣ ሜኑው ውስጥ ኋይት ባላንስ ካለ፣ ጌይን የሚባሉት የደማቁን ክፍል፣ ኦፍሴት የሚባሉት የጨለማውን ክፍል ይቆጣጠራሉ። አረንጓዴውን ሳይነኩ ቀዩንና ሰማያዊውን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ብቻ እያንቀሳቀሱ ነጠላውን ይመልከቱ።

ግራጫው ንጹሕ ከሆነ በኋላ ከለርን ከ0 እየጨመሩ ያምጡት። የሴትየዋ ፊት ሕይወት ሲያገኝ፣ ነገር ግን ከንፈርና ጉንጭ ቀለም የተቀቡ ከመምሰላቸው በፊት ያቁሙ። ቀለሙን ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብለው ቲንት መካከል ላይ ይቆይ። በፓል ምስል ቲንት ብዙ ጊዜ አልነካ የሚለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ፓል በየመስመሩ የቀለሙን ምልክት እየገለበጠ ስለሚልክ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ቲንትም አያስፈልገውም። የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን ሻርፕነስን ደግሞ በዜናው ግርጌ በሚያልፉት ፊደላት ዙሪያ የሚታየው ነጭ ጠርዝ እስኪጠፋ ይቀንሱት።

ቅንብር የማይመልሰው

ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ቴሌቪዥን ከኋላው የሚያበራው ኤልኢዲ ሲያረጅ፣ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ነጭ የሚለውጠው ሽፋን ስለሚጎዳ ምስሉ በሙሉ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይሆናል። መጠነኛ ከሆነ ሰማያዊውን ጌይን መቀነስ ያግዛል፤ ከበረታ ግን መብራቱ መቀየር አለበት። እናቴ ቤት ያለው 32 ኢንች ቴሌቪዥን ሲጠገን የተቃጠለው አንድ መስመር መብራት ብቻ ተቀየረ፤ ከዚያ በኋላ የምስሉ ታች ነጭ፣ ላዩ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ቅንብርም ሁለቱን ሊያስታርቃቸው አልቻለም። መብራት የሚያስቀይር ሰው ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ እንዲያስቀይር የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ባለ ትልቅ ጀርባው የድሮ ቴሌቪዥን ማዕዘኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካበጀ አጠገቡ የተቀመጠ ስፒከር ማግኔት አጥቅቶት ይሆናል። ስፒከሩን ያርቁ፤ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቀዝቅዙትና ያብሩት። ከቀዝቃዛ ሲነሳ «ድም» የሚለው ድምፅ መስተዋቱን የከበበው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን ሲያጠፋ የሚሰማ ነው፤ ጥላው እስኪጠፋ ይህን ጥቂት ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። የኋላ ክዳኑን ግን አይክፈቱ፤ ቴሌቪዥኑ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የጠጋኞች ድብቅ ሜኑ የሚባለውንም እንደዚሁ ይተዉት፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

ቅንብሩ ሲያልቅ ቁጥሮቹን ለሪሲቨሩ ግብዓትም መልሰው ያስገቡ፤ ብዙ ቴሌቪዥን ለእያንዳንዱ ግብዓት ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ በፍላሽ ላይ ያስተካከሉት ወደ ዲሹ አይሻገርም። ከዚያም ብራይትነስ፣ ኮንትራስት፣ ከለር፣ ዋርም ብለው ከነቁጥራቸው በወረቀት ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይለጥፉት፤ ሌላ የቤቱ ሰው ቢያዛባው በዚያው ማታ ይመለሳል።