ቴነር ባንጆን ለአይሪሽ ሙዚቃ እንዴት እንቃኘው?

ቴነር ባንጆ (ቆዳ የተወጠረበት ባለ አራት ክር መሣሪያ) ከሱቅ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሲ-ጂ-ዲ-ኤ ተብሎ (በምዕራባውያን የድምፅ ስሞች፣ C-G-D-A) የተቃኘ ነው። ይህ ቅኝት መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ የጃዝና የዳንስ ባንዶች ውስጥ ከገነነበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንጆኞች ግን ዛሬ በአብዛኛው ጂ-ዲ-ኤ-ኢ ይቃኛሉ። ለዚህ ልማድ መስፋፋት ከሁሉ በፊት ስሙ የሚነሣው በ1962 የተመሠረተው የደብሊነርስ ባንድ ባንጆኛ ባርኒ ማኬና (1939–2012) ነው።

ክራር የሚጫወት ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲያልፍ ክሮቹን ስለሚቃኝ፣ እዚህም ቅኝት በየዜማው የሚቀያየር ሊመስለው ይችላል። እንደዚያ አይደለም። አንዴ የተመረጠው ቅኝት ሌሊቱን ሙሉ፣ ለሁሉም ዜማ ያገለግላል። ስለዚህ ምርጫው ትንሽ ጊዜ ቢወሰድበት አይቆጭም።

1. መሣሪያውን ይዩ

ባንጆው አራት ክር ብቻ ሊኖረው ይገባል። ከአንገቱ ጎን የተተከለ አምስተኛ መቃኛ ካለው ሌላ ዓይነት ባንጆ ነውና ከዚህ በታች ያለው አይሠራለትም። ቀጥሎ ፍሬቶቹን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን የብረት ዘንጎች፣ ይቁጠሩ። 17 ወይም 19 ይሆናሉ። ባለ 19ኙ አንገቱ ረዘም ስለሚል ለዝቅተኛ ድምፅ ይመቻል፤ ባለ 17ቱ ደግሞ ለአጭር ጣት ይራራል።

2. ዜማው የት እንደሚወድቅ ይመልከቱ

አይሪሾች በመጠጥ ቤት ክብ ሠርተው ሲጫወቱ ቫዮሊን አይጠፋም። ቫዮሊን ጂ-ዲ-ኤ-ኢ ነው። ባንጆም እንዲሁ ሲቃኝ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ተመሳሳዩ ቀጣይ ድምፅ ያለው ርቀት) ዝቅ ይላል እንጂ የጣት አቀማመጡ ያው ነው፤ የማንዶሊንም እንዲሁ። ከጎንዎ የተቀመጠው ቫዮሊኒስት ጣቱን እያሳየ ቢያስተምርዎ፣ ያዩትን በቀጥታ ባንጆው ላይ መድገም ይችላሉ። ለጀማሪ ጂ-ዲ-ኤ-ኢን የምመክረው በዋናነት ለዚህ ነው።

አብዛኞቹ ዜማዎች በዲና በጂ ስኬል ወይም በዘመዶቻቸው የሚጫወቱ ሲሆኑ፣ ከታችኛው ዲ ተነሥተው ሁለት ኦክታቭ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያለው ቢ ላይ ይደርሳሉ። በጂ-ዲ-ኤ-ኢ ታችኛው ዲ ባዶ ክር ነው፤ ላይኛው ቢ ግን በቀጭኑ ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ስለሆነ ትንሿን ጣት ይለጥጣል። በሲ-ጂ-ዲ-ኤ ነገሩ ይገለበጣል፦ ላይኛው ቢ 2ኛ ፍሬት ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ታች ያለው ኤፍ ሻርፕ ግን በወፍራሙ ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት መካከለኛ መንገድም አለ። ሲ-ጂ-ዲ-ኤ የተቃኘ ባንጆ 2ኛ ፍሬት ላይ ካፖ (ሁሉንም ክሮች በአንዴ የሚጫን መቆንጠጫ) ሲታሰርበት ዲ-ኤ-ኢ-ቢ ይሆናል። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ልክ እንደ ቫዮሊኑ ዲ፣ ኤና ኢ ክሮች ይሆናሉ፣ ያ አስቸጋሪ ቢ ደግሞ ባዶ ክር ሆኖ ያርፋል። የሚቀረው ዝቅተኛው ጂ ክር ነው፤ እሱን የሚፈልጉት ጥቂት ዜማዎች ናቸው። ክር መግዛት ሳያስፈልግ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ለአጃቢነት ብቻ ለሚፈልጉት፣ ከአይሪሽ ቡዙኪ (አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ) የመጣው ጂ-ዲ-ኤ-ዲ አለ። የጊታር ሰው ደግሞ የጊታሩን አራት ቀጫጭን ክሮች ቅኝት ዲ-ጂ-ቢ-ኢን ሊወስድ ይችላል፤ ኮርድ ለመምታት ይመቻል፣ ሪል የተባለውን ፈጣን የዳንስ ዜማ ለመጫወት ግን አልመርጠውም።

3. ክር ይቀይሩ

ጂ-ዲ-ኤ-ኢን ከመረጡ በነበሩት ክሮች ላይ መቃኛውን ብቻ አያዙሩ። ክሮቹን ወደ ታች ቢያላሉ እያንዳንዱ አምስት ፍሬት ያህል ወርዶ ውጥረቱ ከቀድሞው 56 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ክሩ ይልፈሰፈሳል፣ ፍሬት ላይም ይንጫጫል። ወደ ላይ ቢያጠብቁ ደግሞ ውጥረቱ ከእጥፍ በላይ ያድግና ይበጠሳል፤ አንገቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ቅኝት የተዘጋጀ ስብስብ ይግዙ። ቀጭኑ ክር ወደ 0.012 ኢንች፣ ወፍራሙ ከ0.036 እስከ 0.040 ኢንች አካባቢ ይሁን። አንገቱ ባለ 17 ፍሬት ከሆነ ጠንከር ያለውን ይምረጡ፤ አጭር ክር ለተመሳሳይ ድምፅ ውፍረት ይፈልጋልና።

ክሮቹን አንድ በአንድ ይቀይሩ። የባንጆ ብሪጅ (ክሮቹን ከቆዳው በላይ አንሥቶ የሚይዘው ድጋፍ) በማጣበቂያ አልተያዘም፤ በክሮቹ ግፊት ብቻ ነው የቆመው። ሁሉንም በአንዴ ካወለቁ ይወድቃል። አዲሱ ወፍራም ክር በአንገቱ ጫፍ ባለው ማረፊያ ቦይ ውስጥ ካልገባ በጉልበት አይጫኑት፤ ቦዩን በጥሩ ሞረድ የሚያሰፋ ባለሙያ ያሳዩ። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፣ በልምድ ማነስ ግን ማረፊያው ሊበላሽ ይችላል።

4. ይቃኙ

በስልክ ቱነር የሚፈልጉት ጂ 98፣ ዲ 146.8፣ ኤ 220፣ ኢ 329.6 ኸርዝ ነው። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ ይምጡ፤ ካለፉት አላልተው እንደገና ይጀምሩ። አራቱንም ሲጨርሱ የመጀመሪያው ወርዶ ያገኙታል፤ የባንጆው ቆዳ በግፊቱ ትንሽ ስለሚሰምጥ ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይመላለሱ።

በመጨረሻ ብሪጁን ይመርምሩ። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ሲመቱ ከባዶው ክር ልክ አንድ ኦክታቭ መውጣት አለበት። ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ክሮቹ ማሰሪያ ጭራ ትንሽ ይግፉት፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ። በወፍራም ክር ሲተካ ብሪጁ ብዙውን ጊዜ በወፍራሙ ክር በኩል ወደ ጭራው ዘንበል ማለት ይፈልጋል፤ ያገኙትን ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።