ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከቤተሰብ ጋር ሲገቡ ሰፈር አመራረጥ

ከቤቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ይዩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው አፓርታማ ሌላ ትምህርት ቤት ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ አከራዩ የነገረዎትን ይዘው ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል) አይፈርሙ። አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) የትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያረጋግጡ።

ከዲሲ ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስቴቶች ስለሆኑ ለትንንሽ ልጆች ስቴቱም ለውጥ ያመጣል። ኪንደርጋርተን (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት) ለመግባት ሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት መሙላትን ይጠይቃሉ። ሴፕቴምበር 15 የተወለደ ልጅ ቨርጂኒያ ይገባል፤ ሜሪላንድ ግን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ ዓመት ይጠብቃል። ያ ማለት የአንድ ዓመት የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ በመኪናዎ ዋጋ ልክ ግብር ያስከፍላል፤ ሜሪላንድ ይህ የለም። ሁለት መኪና ያለው ሰው ኪራይ ሲያወዳድር ይህንንም ይደምር። መኪና ካልገዙ ሜሪላንድ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን የሬድ ላይን ሜትሮ ባቡር አላቸው፤ ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ደግሞ ዳሽ የሚባለው የከተማው አውቶቡስ ነፃ ነው። «ለባቡር ቅርብ» የሚለውን ማስታወቂያ ግን በካርታ ላይ በእግር መንገድ ለክተው ይመኑት።

ሀበሻ መብዛቱን የመጨረሻ መመዘኛ ያድርጉት፤ እንጀራ እንደሆነ የትም አይጠፋም።

ለጊዜው ዘመድ ቤት ካረፉ ሊዙ በስምዎ ስላልሆነ የልጅ ምዝገባ ሊጓተት ይችላል። ምን ዓይነት ደብዳቤና የቤት ማስረጃ ከዘመድዎ እንደሚፈለግ ትምህርት ቤቱን ቀድመው ይጠይቁ፤ የክትባት ካርዱንም ከአገር ቤት ይዘው ይምጡ።