መስተዋድድ ነው ወይስ ተውሳከ ግስ? እኔ የለየሁበት መንገድ

እንግሊዝኛ ሳጠና ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። አንዱ ቃል አንዴ መስተዋድድ (ስምን ከሌላ ቃል ጋር የሚያያይዝ) ይባላል፣ ሌላ ጊዜ ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ)። ዝርዝር መሸምደድ አልረዳኝም። የቃሉን ሥራ የሚወስነው የገባበት ዓረፍተ ነገር ነዋ!

መነሻው ቀላል ነው። ከቃሉ ቀጥሎ ስም ወይም ተውላጠ ስም መኖሩን እዩ። «ሺ ዌንት ኢንሳይድ ዘ ሃውስ» ሲባል «ኢንሳይድ» ከቤቱ ጋር ተያይዟል፤ መስተዋድድ ነው። «ሺ ዌንት ኢንሳይድ» ብሎ ካበቃ ግን ግሱን ብቻ ይገልጻል፤ ተውሳከ ግስ ሆነ ማለት ነው።

ይሄ ዘዴ ግን ሁሌ አይሠራም። «ሂ ተርንድ ኦፍ ዘ ላይት» የሚለውን ውሰዱ። ስም ተከትሎታል፣ «ኦፍ» (off) ግን መስተዋድድ አይደለም። ነገሩ የተፈታልኝ ቃሉን ከስሙ በኋላ አዛውሬ ስሞክር ነው። «ሂ ተርንድ ዘ ላይት ኦፍ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ኦፍ» የግሱ አጋር፣ ማለትም ተውሳከ ግስ ነው። «ሂ ራን አፕ ዘ ሂል» በሚለው ላይ ግን «ሂ ራን ዘ ሂል አፕ» አይባልም። እዚያ «አፕ» መስተዋድድ ነው። በስሙ ፈንታ «ኢት» ሲገባ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፦ «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። ይሄን ሕግ በጣም እወደዋለሁ፤ ስናገርም ይጠቅመኛል።

ጥያቄ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ሁ ዲድ ዩ ቶክ ቱ?» መጨረሻው ላይ ስም ባይኖርም «ቱ» መስተዋድድ ነው። የሚያያዝበት «ሁ» ወደ ፊት ስለሄደ ነው። «አት»፣ «ፍሮም» እና «ኦቭ» (of) ደግሞ መስተዋድድ ብቻ ስለሆኑ አያስጨንቁም።