በካሊፎርኒያ ቤታችሁ ያለ ፕሮቤት ለልጆች እንዲያልፍ እንዴት ይደረጋል? (ወረቀቱ ፌስታል ውስጥ እንዳይቀር)

አባዬ ከማረፉ ሰባት ወር በፊት "ስሞት ቤቴ ለልጆቼ ይለፍ" የሚል፣ ቲኦዲ ዲድ የሚባል ወረቀት ፈርሞ ነበር። ሁለት ምስክሮች ቆመዋል፣ ኖተሪዋ ማህተሟን አሳርፋለች፣ የአራታችን ስም በሥርዓት ተጽፏል። ከዚያ አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ከክርስትና ካርዳችንና ከአዲስ አበባው ቤት ካርታ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከተተው። እኛ ያገኘነው ከሰልስቱ በኋላ ነው። ጠበቃው አንዴ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ካውንቲ ተመዝግቧል?" አለን። አልተመዘገበም። ያ ሁሉ ፊርማ እንደሌለ ተቆጠረ።

ኦክላንድ ያለው ቤት ፕሮቤት ገባ፣ ማለትም ፍርድ ቤት የሚመራው የውርስ ማጣራት። 17 ወር ፈጀ። ቤቱ 780,000 ዶላር ተገመተ። ባንኩ 310,000 ይፈልግበት ነበር፣ ሕጉ ግን የጠበቃ ክፍያ ሲያሰላ ዕዳ አይቀንስም። ከመጀመሪያው 100,000 ላይ 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100,000 ላይ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ 2 በመቶ። ደምሩት፤ 18,600 ዶላር ይመጣል። ውርሱን የሚያስተዳድረው ሰውም ያንኑ ያህል መጠየቅ ይችላል። እኔ ነበርኩ፣ አልጠየቅኩም። ዱባይ ያለችው እህቴ ግን "የጠበቃው ድርሻ ለምንድን ነው ከእኔ ድርሻ በላይ የሚያምረው?" እያለች እስከ ዛሬ ታሾፋለች።

ስለዚህ የምጽፈው ያ ሁሉ እንዳይደርስባችሁ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ምክር መክፈል ከ17 ወር ይሻላል።

መጀመሪያ ወሬውን እናጥራ

ከ2025 ወዲህ በየቡናው "አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ከ750,000 ዶላር በታች የሆነ ቤት ፕሮቤት የለበትም" ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለሞተ ሰው፣ ይኖርበት የነበረው ዋና ቤቱ ጠቅላላ ዋጋው ከ750,000 ካልበለጠ፣ ቤተሰቡ በአጭሩ መንገድ መጨረስ ይችላል። ግን አሁንም ፍርድ ቤት ነው። ዲኢ-310 የሚባል ማመልከቻ ይገባል፣ ቤቱ ይገመታል፣ ወራሾች በሙሉ እንዲያውቁ ይደረጋል፣ ዳኛ ይወስናል። "ጠቅላላ ዋጋ" የሚለውንም ልብ በሉ፤ የባንክ ዕዳ አይቀነስም። 800,000 የሚያወጣ ቤት 600,000 ዕዳ ቢኖርበትም ከመስመሩ ውጭ ነው። በባሕር ወሽመጡ አካባቢ ስንት ቤት ከ750,000 በታች እንደሚገኝ እናንተው ታውቃላችሁ።

የባንክ ሒሳብና የመሳሰለው ደግሞ ሌላ ጣሪያ አለው። ከዚያው ቀን ጀምሮ ለሞተ ሰው እስከ 208,850 ዶላር ድረስ በቃለ መሐላ ወረቀት ብቻ ይወጣል። ለሁለቱም ከሞቱ ቀን 40 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ካሊፎርኒያም አርባ ታወጣለች ማለት ነው።

እኔ የምመክረው ግን አዲሱን ሕግ እንደ መጠባበቂያ መያዝ ነው። በሕይወት እያላችሁ የሚሠራው ወረቀት ያው አባዬ የፈረመው ቲኦዲ ዲድ ነው (ዲድ ማለት የቤት ባለቤትነት ሰነድ ነው)። "ስሞት ቤቴ ለእገሌ ይለፍ" የሚል፣ በማንኛውም ጊዜ የሚሻር ሰነድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ በ2022 ደንቡ ጠበቅ ተደርጓል። እስክትሞቱ ድረስ ቤቱ የእናንተው ነው። መሸጥ ትችላላችሁ፣ መበደር ትችላላችሁ፣ ልጁ ምንም መብት የለውም።

1. ይህ መንገድ ለእናንተ ይሆን እንደሆነ እዩ

አንድ ቤት፣ ያደጉና የሚስማሙ ልጆች፣ ለሁሉም እኩል ማካፈል፤ ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ ቲኦዲ ይበቃል። ቤቱ ከአንድ እስከ አራት መኖሪያ ያለው ወይም ኮንዶ ከሆነ ይሆናል።

ትንሽ ልጅ ካላችሁ፣ ወይም ለአንዱ 70 ለሌላው 30 በመቶ ማለት ከፈለጋችሁ፣ ይህን ተዉት፤ ትረስት፣ ማለትም ንብረቱን ለወራሾች በአደራ የሚያስይዝ ሰነድ፣ አሠሩ። ቲኦዲ የሚያከፋፍለው እኩል ብቻ ነው። ሌላም አለ፤ ከተጠቀሱት ልጆች አንዱ ቀድሟችሁ ቢሞት ድርሻው ለቀሩት ወንድምና እህቶቹ ይሄዳል፣ ለልጆቹ አያልፍም። የልጅ ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡበት።

"ልጄን ዲዱ ላይ ብጨምረውስ?" የሚል አቋራጭ ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ አልወደውም። ልጁ ዛሬውኑ ባለቤት ይሆናል። ነገ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢገባ፣ መኪና ገጭቶ ቢከሰስ ቤታችሁ አብሮ ፍርድ ቤት ይቆማል። ስሙን ማውጣት ብትፈልጉም የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል።

ሜዲካል፣ ማለትም የካሊፎርኒያን የዝቅተኛ ገቢ የጤና መድን፣ የምትጠቀሙ ወላጆችም ይህን እወቁ። ከ2017 ወዲህ ለሞቱ ሰዎች፣ መንግሥት ላወጣው ወጪ መልስ የሚጠይቀው በፕሮቤት ከሚያልፍ ንብረት ብቻ ነው። በተመዘገበ ቲኦዲ የሚያልፍ ቤት ፕሮቤት አይገባም።

2. ያለውን ዲድ አውጡ

ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን ዲድ ፈልጉ፣ ከጠፋ የካውንቲው ሪኮርደር፣ ማለትም ሰነድ መዝጋቢው ቢሮ፣ ኮፒ ይሰጣል። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ባልና ሚስት "ጆይንት ቴናንስ" ተብላችሁ ከሆነ የያዛችሁት፣ አንዳችሁ ስትሞቱ ድርሻው ለቀሪው ያልፋል፤ የቀደመው ሰው ቲኦዲ አይሠራም። ስለዚህ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ለየብቻ ፈርሙ። ሁለተኛ፣ ስለ መሬቱ የተጻፈውን ረጅም መግለጫ ቃል በቃል ቅዱ። የመንገድ አድራሻ አይተካውም።

3. ትክክለኛውን ቅጽ አግኙ

ቅጹ ራሱ ሕጉ ውስጥ አለ፣ በነጻ ነው። የሳክራሜንቶ ካውንቲ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ከመመሪያው ጋር ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ከ2022 በፊት የወጣውን ቅጽ አትጠቀሙ፤ የምስክር ቦታ የለውም። ለዚህ ወረቀት 800 ዶላር የጠየቀኝ ሰው አውቃለሁ። ቅጹን ካነበባችሁት ለራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

4. ስም! ስም! ስም!

ፈረንጅ በአንድ መስመር የሚያልፈው፣ ለእኛ ግን ራስ ምታት የሆነው እዚህ ነው።

"ልጆቼ" ብላችሁ መጻፍ አትችሉም። እያንዳንዱን ወራሽ በሙሉ ስሙ፣ ከዝምድናው ጋር መጥቀስ ግዴታ ነው። የእኛ ስም ግን አገር ሲቀይር ይቀየራል። አክስቴን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ሳለች ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ ሦስት ነው። ግሪን ካርድ ላይ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። ዜግነት ስትወስድ አያትየው ወጡ። ቤቱን የገዛችው በመሐል ነው፣ በሦስቱም ስም። መታወቂያዋ ላይ ግን ሁለት ብቻ ነው ያለው። ዲዱ ላይ ያለውን ስም እንዳለ ጻፍንና አሁን የምትጠቀምበትንም ጨመርን። ሁለቱ አንድ ሰው መሆኗን የሚያሳየውን የዜግነት ወረቀትም ኮፒ አድርገን ለልጆቿ ሰጠን።

ልጆቹም እንደዚያው። አንዷ ልጅ ከአዲስ አበባ ፓስፖርት አላት፤ "ፀሐይ" የሚለው በእንግሊዝኛ በአንድ መንገድ ተጽፏል። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ሲጽፈው በሌላ መንገድ ነው። ሁልጊዜ የምትጽፉት ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ፣ ፊደል በፊደል። በቤት ስም አትጻፉ። እኛ ዘንድ "ማሚቱ" ተብላ ያረጀች ሴት አለች።

ዝምድናውንም እውነቱን ጻፉ። ያሳደጋችኋት የእህት ልጅ በእኛ ቤት ልጅ ናት። በሕግ ካልወሰዳችኋት ግን ወረቀቱ ላይ የእህት ልጅ ብላችሁ ጻፏት። እንዲህ መጻፉ ምንም አይቀንስባትም፣ ያው ትወርሳለች። "ልጅ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ነገ ለሚከራከር ሰው በር ትከፍታላችሁ። አክስቴ እዚህ ላይ ተቆጣች። "እኔ አይደለሁ እንዴ ያጠባኋት?" አለች። እስክትበርድ ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ የእህት ልጅ ብለን ጻፍን።

5. የፊርማው ቀን

የሚያስፈልጉት ባለቤቱ፣ ሁለት ምስክሮችና ኖተሪ ናቸው። ምስክሮቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መገኘት አለባቸው። ወራሽ የሚሆን ሰው ምስክር አይሁን፤ ተጽዕኖ አድርጓል የሚል ጥርጣሬ ሕጉ ራሱ ያስነሳበታል። ጎረቤት ይበቃል፣ የዕድር ሰውም ይበቃል።

ከኖተሪው ጋር ግን አንድ ነገር አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖተሪ ከፈራሚው ጋር ራሱ በቀጥታ መነጋገር አለበት፤ በአስተርጓሚ አይሆንም። አክስቴ እንግሊዝኛዋ "ሃው አር ዩ" ላይ ያበቃል። የመጀመሪያው ኖተሪ ሁለት ጥያቄ ጠይቋት፣ እኔ ልመልስ ስል "ይቅርታ" ብሎ ሄደ። ለመጣበት ግን ከፈልን። ከዚያ አማርኛ የሚናገር ኖተሪ ፈለግን፤ ሎስ አንጀለስም ኦክላንድም ሳን ሆዜም ጠይቃችሁ አታጡም። ለአንድ ፊርማ በሕግ ከ15 ዶላር በላይ አይጠይቅም፤ ቤት ድረስ ከመጣ የመንገዱን ለብቻ ትስማማላችሁ። የቀኝ አውራ ጣት አሻራም መዝገቡ ላይ ይወስዳል፣ አትደንግጡ። የቤት ወረቀት ሲሆን ለሁሉም ሰው እንደዚያው ነው።

6. በ60 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ

አባዬን ያስቀረችው ይቺ ናት። ኖተሪው ፊት ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ቤቱ ያለበት ካውንቲ ሪኮርደር ካልተመዘገበ፣ ወረቀቱ አይሠራም። 61ኛው ቀን ላይ ፍርድ ቤት አያዝንላችሁም። ቀኑ ካለፈና ባለቤቱ በሕይወት ካለ አዲስ ቅጽ እንደገና ትፈርማላችሁ፣ ያ ብቻ ነው መፍትሔው።

በፖስታ መላክ ይቻላል። እኔ ግን አላምነውም። አንድ ገጽ ቢጎድል፣ ማህተሙ ደብዝዞ ባይነበብ፣ ክፍያው ቢያንስ መልሰው ይልኩታል፣ ቀኑ ደግሞ ይቆጥራል። በአካል ሂዱ። ክፍያው ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ደውሉና ቼክ ያዙ። አክስቴን ከኖተሪው ጋር ያስፈረምናት ማክሰኞ ነው፣ ረቡዕ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ነበርኩ። ሠራተኛዋ "ምን አስቸኮለህ?" ብላኛለች።

ሐሳባችሁን ብትቀይሩስ? በኑዛዜ መሻር አይቻልም። አዲስ ቲኦዲ ወይም የመሻሪያ ቅጽ በዚያው በካውንቲው ይመዘገባል።

7. ለልጆች የሚነገር

ልጆቹ ከሞት በኋላ የሚሠሩት አለ፤ አሁኑኑ ንገሯቸው። የሞት ሰርተፊኬቱን ከቃለ መሐላ ጋር ሪኮርደር ያስመዘግባሉ። ለሟቹ ሕጋዊ ወራሾች የዲዱንና የሰርተፊኬቱን ኮፒ ከማስታወቂያ ጋር ይልካሉ። ለካውንቲው አሰሰር፣ ማለትም ለንብረት ግብር ገማቹ፣ ደግሞ ቢኦኢ-502-ዲ የሚባለውን ቅጽ ከሞቱ ቀን በ150 ቀን ውስጥ ያስገባሉ። የባንክ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው የንብረት ግብሩ ነው። ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ልጅ የወላጁን ዝቅተኛ ግብር ይዞ የሚቀጥለው በአንድ ዓመት ውስጥ ገብቶ እንደ ዋና ቤቱ ከኖረበት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገደብ አለው። "አከራይተነው እንካፈላለን" ካላችሁ ግብሩ በዛሬው ዋጋ እንደ አዲስ ይሰላል። በ1990 የተገዛ ቤት ላይ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። እኛ ቤት ዱባይ ያለችውም አዲስ አበባ ያለውም ሊገቡ አይችሉም፣ እኔ ቤት አለኝ። ሸጥነው።

የአዲስ አበባው ቤት? ይህ ወረቀት እዚያ ምንም አይሠራም። እዚያ ያለው በኢትዮጵያ ሕግ ነው የሚያልፈው፤ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል።

አክስቴ የተመዘገበው ዲዷ ከነማህተሙና ከነቁጥሩ በፖስታ ተመልሶ ሲመጣላት አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። እንደ አባዬ ፌስታል ሰማያዊ ነው። ዝም አልኳት። አሁን ቢጠፋም ኮፒው ካውንቲው ጋ አለ።