ስለሪ ለቆመ በቆሎ፦ መቼ፣ የት፣ ስንት

ባዮጋዝ እንዳለኝ የሚያውቁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ጋዙ ነው። ምድጃው ስንት ሰዓት ይነዳል? ወጥ ያደርሳል? እበቱ ከተብላላ በኋላ በመውጫው በኩል ስለሚፈሰው ጥቁር ፈሳሽ፣ ማለትም ስለ ስለሪ፣ ብዙም ሰው አይጠይቅም። እኔ ደግሞ የምሳሳው ለእሱ ነው። ቀበና ውስጥ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ፣ ሁለት ላሞች፣ አንድ ማብላያ (እበት ተብላልቶ ጋዝ የሚሰጥበት)፣ እንዲሁም የበቆሎ፣ የጎመንና የቆስጣ መደቦች አሉኝ። ጓሮውን የሚመግበው ይኸው ስለሪ ነው።

ዛሬ የምጽፈው በቆመ ሰብል ላይ ስለማፍሰስ ነው። ከመዝራት በፊት አፍስሶ ከአፈር ጋር መገልበጥ ቀላል ነው። ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቅሙም የሚበልጠው ያኔ ነው፤ ተክሉ በሚራብበት ሰዓት ይደርስለታል።

መጀመሪያ ስለሪው ውስጥ ያለውን እንይ። እበትና ውሃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ ማብላያው ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ብርድ ሁለት ወር ያህል ሲብላላ ይቆያል። ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በዋናነት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናይትሮጂኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። ከናይትሮጂኑም ብዙው አሞኒየም ይሆናል። አሞኒየምን ሥር ወዲያው ይወስደዋል፤ ጥሬ እበት ግን እስኪበሰብስ ተክሉን ያስጠብቀዋል።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። አሞኒየም ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የተብላላ ስለሪ ከጥሬ እበት ይልቅ ወደ አልካሊነት (የአሲድነት ተቃራኒ) ስለሚያደላ ትነቱ ይፈጥናል። ብዙው የሚያመልጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው። ያ ሽታ ከጓሮው እየመጣ ከሆነ ማዳበሪያችሁ አየር ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ስለሪውን በቶሎ ከአፈር ጋር ማገናኘት።

ስለዚህ የማፈሰው ወደ ማታ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ በርዳለች፣ ነፋሱም ጋብ ብሏል። ደመናማ ቀን ከሆነ ቀደም ብዬ እጀምራለሁ። ካፊያ ቢከተል ደግሞ እሰየው፤ ስለሪውን ወደ ሥር ያወርደዋል። በጠራራ ፀሐይ ማፍሰስ ልፋትን ማባከን ነው።

መሀል ከተማ ላይ የጎረቤት ነገርም አለ። አጥር ለአጥር ተጠጋግተን ነው የምንኖረው። የታችኛው ግቢ እማማ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ልብስ አስጥቻለሁ። ነገ ብታደርገው ምን አለበት?»

«እሺ እማማ፣ ችግር የለም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ላፈስ ስል አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እሸት ሲደርስ የመጀመሪያው የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ከተማ ውስጥ ላም አርብታችሁ በሰላም መኖር ከፈለጋችሁ ይህን አትናቁት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከመውጫው ጉድጓድ ከመቅዳታችሁ በፊት ስለሪውን በእንጨት አማስሉት፤ ወፍራሙ ታች ይዘቅጣል። አረፋ እየደፈቀ የጥሬ እበት ሽታ ከሸተተ ገና አልተብላላም፤ ለቆመ ተክል አይሆንም፣ ወደ ኮምፖስት ውሰዱት። የተብላላው ሽታው ለዘብ ያለ ነው፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ገለባ ካለበት በጆንያ ቁራጭ አጥልሉት። ከዚያ እኩል ውሃ ጨምሩበት። ቀጠን ያለ ስለሪ ቶሎ ይሰርጋል። ወፍራሙ ግን አፈሩ ላይ ተጋግሮ ይቀርና እዚያው ሲተን ይውላል። ለለጋ ተክል ከሆነ ሁለት እጅ ውሃ አድርጉበት።

በቆሎ ላይ የምጀምረው ጉልበት ሲደርስ ነው። ዩሪያ የሚጨመረውም ያኔ ነው። መጀመሪያ አርማለሁ፤ አለዚያ የምቀልበው አረሙን ነው። ከዚያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብዬ፣ መስመሩን ተከትዬ፣ በመኮትኮቻ ሦስት ጣት የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ እከፍታለሁ። ነጫጭ ሥር ከታየኝ ትንሽ እርቃለሁ። በጆግ ቀስ አድርጌ ቦዩ ውስጥ አንቆረቁራለሁ። መጀመሪያ ስለሪው ከላይ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይጎድላል፣ ትናንሽ አረፋዎች ይፈነዳሉ፣ ከዚያ ጥቁር እርጥብ አፈር ብቻ ይቀራል። እዚህ ሲደርስ አፈሩን በእጄ መልሼ እጠቀጥቀዋለሁ። ሽታው ወዲያው ይቀንሳል። እንደ ኩሬ ቆሞ አልሰርግ ካለ ግን አፈሩ ጠግቧል ወይም ደርቆ ተጠፍጥፏል። ያኔ ማፍሰሱን ትቼ በደንብ እኮተኩታለሁ።

ቅጠል ላይ አታፍስሱ። ስለሪ ቅጠሉ ላይ ሲደርቅ ይለጠፋል፣ ያቃጥለዋልም። ከነካው በንጹህ ውሃ እጠቡት። በትልልቅ እርሻም ሕጉ ይኸው ነው። በዴንማርክና በኔዘርላንድ ስለሪን ወደ ላይ እየረጩ መበተን የተከለከለ ነው። ትራክተሩ ብዙ ቱቦዎች መሬት ለመሬት እየጎተተ በስንዴው መስመሮች መካከል ያፈሳል፣ ወይም አፈሩን ሰንጥቆ ውስጥ ያስገባል። የኛ ጆግና ቦይ የሚሠሩትም ያንኑ ሥራ ነው።

ስንት ይበቃል? በአንድ ሊትር ያልቀጠነ የላም ስለሪ ውስጥ በግምት ከ1 እስከ 2 ግራም ናይትሮጂን አለ። እንደ ላሟ መኖና እንደጨመራችሁት ውሃ ይለያያል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ20 እስከ 40 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ፣ አንድ ጀሪካን ስለሪ ከ45 እስከ 90 ግራም ዩሪያ ያህላል። ከዚህም ውስጥ ተክሉ በዚሁ ወቅት የሚያገኘው ከፊሉን ነው፤ የቀረው አፈሩን እያለማ ቀስ ብሎ ይለቀቃል።

በቆሎዬ በመስመሮች መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለው። 10 ካሬ ሜትር ላይ 44 ተክል ያህል ይቆማል። ለእያንዳንዱ ጉልበት ሲደርስ ግማሽ ሊትር ስለሪ እሰጣለሁ። ውሃ ሲጨመርበት አንድ ሊትር ይሆናል፣ ማለትም አንድ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ እደግማለሁ። ወንዴ አበባው ከአናቱ ብቅ ካለ ወዲያ አቆማለሁ። ጉድጓዱ ስለሞላ ብቻ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ የሚወስነው የተክሉ ፍላጎት ነው።

ገጠር መሬት ላላችሁም አንድ ቃል ልጨምር። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ጤፍና ስንዴ የምታርሱ፣ ጊዜው ከአንድ ዘር ብዙ ዘንግ ማውጣት ሲጀምር ነው። በመስመር የተዘራ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል አፍስሱ። በብተና የተዘራ ከሆነ በጣም አቅጥናችሁ፣ በደመና ቀን፣ በውሃ ማጠጫ አድርጉት። መጠኑን አታብዙ። ጤፍ ናይትሮጂን ሲበዛበት ቁመቱ ይረዝምና ይጋሸባል፤ የተኛ ጤፍ ደግሞ ለማጨድም ለፍሬም መከራ ነው።

ክረምት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፍ ሊወርድ ሲል የፈሰሰ ስለሪ ቀጥታ ወንዝ ይገባል። ቀበና ደግሞ የሚበቃውን ያህል ቆሻሻ ተሸክሟል፤ እኔ ልጨምርበት አልፈልግም። ከወንዙ ቢያንስ 10 ሜትር እርቃለሁ፣ ዳሩንም ሣር ትቼበታለሁ። ዝናቡ ካላባራ ስለሪውን ከደረቅ ሣርና ከገለባ ጋር ኮምፖስት ላይ አፈሰዋለሁ። እዚያ ላይ የምድጃ አመድ አትጨምሩ። አመድ አልካሊ ስለሆነ አሞኒያውን በአንድ ጊዜ ያባርረዋል። አመዱን ለብቻው ሌላ መደብ ላይ በትኑት። የስለሪው ጉድጓድም በቆርቆሮ ይሸፈን፤ ፀሐይ ናይትሮጂኑን ይወስዳል፣ ዝናብ ያቀጥነዋል።

የሚቀጥለው የጤና ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። በጥሬ በሚበላ ነገር ላይ፣ ማለትም ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮት ላይ፣ ስለሪ አላፈስም። ተቀቅሎ ለሚበላ ጎመንና ቆስጣ አፈሩ ላይ ብቻ አፈሳለሁ፤ ከመቆረጡ ሳምንታት አስቀድሜም አቆማለሁ። ማብላያችሁ ከሽንት ቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ለአትክልት ጭራሽ አይሆንም። የወስፋት እንቁላል እንዲህ ባለ ቀዝቃዛ ማብላያ ውስጥ አይሞትም። የእሱን ስለሪ ለዛፍና ለአበባ አድርጉት። ጓንትና ቦቲ አድርጉ፣ ጆጉንም ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት።

ዩሪያ የምትጨምሩ ከሆነ ስለሪው የሚሰጠውን ናይትሮጂን ያህል ከዩሪያው ላይ ቀንሱ። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው፣ የተረፈው ናይትሮጂንም ታጥቦ ይሄዳል።

ጉድጓዱን ልጅ ሊያነሳው በማይችል ክዳን ክደኑት። ማብላያው ቢደፈን እንኳ ማንም ውስጥ አይግባ። ውስጡ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። ሲበዛ አፍንጫ እንኳ አይሸተውም፣ ሰውን በደቂቃ ይጥላል። የገባውን ላውጣ ብሎ የሚከተለውም አብሮ ይወድቃል። ማብላያ የሚሠራ ባለሙያ ጥሩ፤ እሱ እስኪመጣ እሳትም ሲጋራም ከአካባቢው አርቁ።