ስለ ኖች 1 ጂን ስታነቡም ስታስረዱም እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባዮሎጂ ወይ ሜዲሲን የምትማሩ፣ ወይ ደሞ የጄኔቲክ ምርመራ ወረቀት ላይ ኖች 1 የሚል ስም አይታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ጎግል ስታደርጉ ያደራችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ስለዚህ ጂን የሚወራው ብዙ ነው፣ ችግሩ አብዛኛው ግማሹን ተናግሮ የሚያቆም መሆኑ ነው፣ ግማሹን ይዞ መሄድ ደሞ ለፈተናም ለሕይወትም አይበጅም።

ባጭሩ ኖች 1 ክሮሞሶም 9 ላይ፣ ረጅሙ ክንድ ጫፍ አካባቢ ነው ያለው። የሚሰራው ፕሮቲን 2,555 አሚኖ አሲድ ያለው ትልቅ ሪሴፕተር (ምልክት ተቀባይ ፕሮቲን) ሲሆን የሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ ከፊሉ ወደ ውጪ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሴሎች ማን ምን እንደሚሆን የሚወስኑት በዚህ በኩል ነው።

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት በደፈናው «ካንሰር የሚያመጣ ጂን ነው» ማለት ነው። ይሄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የሰው ኖች 1 እ.ኤ.አ. በ1991 የታወቀው በቲ ሴል ሉኪሚያ (ቲ ሴል ከሚባለው ነጭ የደም ሴል የሚነሳ የደም ካንሰር) በሽተኞች ላይ ነው፣ የክሮሞሶም 7 እና የክሮሞሶም 9 ቁራጭ ቦታ ተቀያይረው ጂኑ ተሰብሮ ዝም ብሎ የሚሰራ ሆኖ ተገኘ። በ2004 ደሞ ከዚህ አይነት ሉኪሚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኖች 1ን ያለቅጥ የሚያሰራ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) እንዳለው ታየ። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ኦንኮጂን (ካንሰር የሚያመጣ ጂን) ብሎ ጽፎ ያልፋል። ግን በ2011 የአፍና የጉሮሮ ካንሰሮች ሲመረመሩ የተገኘው ሚውቴሽን ተቃራኒው ነበር፣ ጂኑን የሚያበላሽ፣ ማለትም እዛ ቦታ ላይ ኖች 1 ካንሰር ከልካይ ነበር ማለት ነው። ከዚህም የሚገርመው አለ፣ በ2018 ምንም ካንሰር የሌለባቸው ጎልማሳና አዛውንት ሰዎች የምግብ ቧንቧ ሲታይ ሰፊው የቧንቧው ክፍል ኖች 1 ሚውቴሽን ባላቸው ሴሎች ተሸፍኖ ተገኘ፣ ያውም እዛው ቦታ ላይ ከሚነሳው ካንሰር ይልቅ በጤነኛው ላይ በብዛት! ስለዚህ አንድ ሰው «ኖች 1 ሚውቴሽን ተገኘ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት የት አካል ላይ፣ ከዛ ደሞ ሚውቴሽኑ ጂኑን የሚያሰራ ነው ወይስ የሚያጠፋ የሚለውን ይሁን።

ሌላው ስህተት እንደ ኢንሱሊን ወይ እንደ አድሬናሊን ሪሴፕተር አድርጎ መሳል ነው። ብዙ ተማሪ ሊጋንዱ (ሪሴፕተሩን የሚያስነሳው ሞለኪውል) በደም መጥቶ ሪሴፕተሩ ላይ ተለጥፎ ከዛ ውስጥ ሰንሰለት ይነሳና ምልክቱ እየተባዛ ይሄዳል ብሎ ያስባል። ኖች ላይ እንደዛ አይደለም። ጃግድም ሆነ ዴልታ ላይክ የሚባሉት ሊጋንዶች ራሳቸው የጎረቤት ሴል ሽፋን ላይ የተተከሉ ናቸው፣ ስለዚህ ሁለቱ ሴሎች መነካካት አለባቸው። ሊጋንዱ ኖችን ከያዘ በኋላ የጎረቤቱ ሴል ወደራሱ ይጎትተዋል፣ ያ ጉተታ ተደብቆ የነበረ ቦታ ይገልጥና አዳም 10 የሚባለው ኢንዛይም ከውጪ በኩል ይቆርጠዋል፣ ቀጥሎ ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ሽፋኑ ውስጥ እያለ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው የውስጥ ክፍል በቀጥታ ወደ ኒውክለስ ገብቶ አርቢፒጄ እና ማስተርማይንድ ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ እንደ ሄስ 1 ያሉ ጂኖችን ያስነሳል። በቃ ይኸው ነው፣ መሃል ላይ ምልክቱን የሚያባዛ የለም፣ ሪሴፕተሩም እንደ ክብሪት ነው፣ አንዴ ከተጫረ ሁለተኛ አይሰራም።

ይሄን የያዘ ሰው ቀጣዩን ስህተት አይሰራም። እሱም ጂኑ ከእናትና ከአባት የመጣ ሁለት ኮፒ ስላለው «አንዱ ኮፒ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል» የሚለው ነው። ምልክቱ ስለማይባዛ መጠኑ ሲቀንስ ውጤቱም ይቀንሳል፣ ግማሹ የማይበቃበት ቦታ አለ። ዋናው ምሳሌ ልብ ነው፣ ከልብ ወደ አኦርታ የሚከፍተው ቫልቭ ሦስት ክዳን መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ ከመቶ አንድ ወይ ሁለት ሰው ይሆናል፣ እድሜ ሲገፋ ደሞ ካልሲየም እየተጋገረበት ሊጠብ ይችላል። በ2005 አንዳንድ ቤተሰቦች ላይ ይሄ የመጣው ከኖች 1 አንዱ ኮፒ በመበላሸቱ እንደሆነ ታወቀ። ግን እባካችሁ ደሞ ወደዛኛው ጫፍ አትሂዱ፣ እንደዚህ አይነት ቫልቭ ካላቸው ሰዎች ኖች 1 የተበላሸባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ክዳን ያለው ቫልቭ ያለበት ሰው ካለ ወላጅም ወንድም እህትም ልጆችም የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቢታዩ ጥሩ ነው፣ የጂን ምርመራው ንጹህ ቢመጣም እንኳ። ወረቀቱ ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ከተጻፈ ደሞ እሱ በሽታ አለባችሁ ማለት አይደለም፣ የለባችሁም ማለትም አይደለም፣ በሱ ብቻ ምንም ውሳኔ እንዳትወስኑ።

«ኖች ሴሎች እንዳይበስሉ ያደርጋል» ብሎ መሸምደድም አለ። ለነርቭ ስቴም ሴሎች (የነርቭ ሴሎች ለሚወጡባቸው እናት ሴሎች) እውነት ነው፣ ሳይበስሉ እንዲቆዩ ያደርጋቸዋል። ቆዳ ላይ ግን ሴሎቹ እንዲበስሉ ይረዳል። ታይመስ (ደረት ውስጥ ያለ፣ ቲ ሴሎች የሚያድጉበት አካል) ውስጥ ደሞ የሚሰራው ምርጫ ነው፣ በ1999 አይጦች ላይ ኖች 1 ሲጠፋ ቲ ሴል መሆን የነበረባቸው ጠፍተው ታይመሱ ውስጥ ቢ ሴሎች (ሌላ አይነት ነጭ የደም ሴሎች) ተገኙ። እኔ ስለዚህ ጂን ካነበብኩት ሁሉ ይሄንን የሚያክል የለም፣ አንድ ሪሴፕተር ስለጠፋ የሴል እጣ ፈንታ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ማየት ማለት ነው።

ሰው ላይ ከኖች 1 እስከ ኖች 4 አሉ፣ አራቱን መቀላቀልም ይቅር። ካዳሲል የሚባለው የአእምሮ ደም ስር በሽታ የኖች 3 ነው። ጉበትንና ልብን የሚነካው አላጂል ሲንድረም በአብዛኛው የጃግድ 1፣ ጥቂቱ የኖች 2 ነው። ፈተና ላይ ይመጣል።

የመጨረሻው «ታዲያ ለምን በመድኃኒት አይዘጉትም» የሚለው ነው። ተሞክሯል። ጋማ ሴክሬቴዝን የሚዘጉ መድኃኒቶች ለሉኪሚያው ሲሞከሩ ከባድ ተቅማጥ አመጡ፣ ምክንያቱም አንጀት ውስጥ ኖች ሲዘጋ ሴሎቹ ንፍጥ አመንጪ ወደሆኑት ያደላሉ። ጋማ ሴክሬቴዝ ከኖች ሌላ ብዙ ፕሮቲን ስለሚቆርጥ፣ ከነሱም አንዱ ከአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ጋር የተያያዘው ስለሆነ፣ ሴማጋሴስታት የሚባል መድኃኒት ለአልዛይመር ተሞከረ፣ ግን በሽተኞቹ ጭራሽ ባሰባቸው፣ የቆዳ ካንሰርም ጨመረ፣ በ2010 ቆመ። በሌላ በኩል ኒሮጋሴስታት የሚባለው በ2023 አሜሪካ ውስጥ ዴዝሞይድ ለሚባለው እጢ ተፈቅዷል። እሱም ተቅማጥ አለው፣ መውለድ በሚችሉ ሴቶች ላይ ደሞ የኦቫሪ ስራ ሲያዛባ በብዙዎቹ ታይቷል፣ ስለዚህ ይሄ መድኃኒት የታዘዘላት ሴት መውሰድ ሳትጀምር ስለ መውለድ ሐኪሟን በግልጽ ትጠይቅ።